የባንዱ ሟች

ዲላ ውስጥ የሮክ ባንድ ነበረን ስል ሰው መጀመሪያ ይስቃል፤ ቀጥሎ "ቡናውን ትታችሁ?" ይለኛል። ቡናውን አልተውነውም። የምንጫወተው ለቡና ለቃሚና ለቡና አጣቢ፣ ቡና በሚደርቅበት ግቢ ውስጥ፣ ቡና በሚጭን አይሱዙ ላይ ነበር። የተውነው ነገር ቢኖር የሰፈራችንን ሰላም ነው።

አራት ነበርን። ድምፃዊያችን ወርቃ ያደገ የቡና ገበሬ ልጅ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ቲያትር ተምሮ፣ ተመርቆ ሥራ ሲያጣ ባንዱን ያቋቋመው እሱ ነው። ጊታሪስቱ ከነጋዴ ቤተሰብ ነው፤ አጎቱ ሱቅና አይሱዙ አላቸው። የአይሱዙው የጎን ሳንቃዎች ሲወርዱ መድረክ ይሆናል፤ መኪናው ሳይመሽ እንዲመለስ አጎትየው ስለሚያስጠነቅቁ ትርኢታችን ሁሉ ከሰዓት በኋላ፣ በጠራራ ፀሐይ ነበር። ድራም የምትመታው ልጅ ነርስ ናት፤ ስትመታ ግን ሰው የምታድን አትመስልም። እኔ ቤዝ ጊታር እጫወት ነበር። ቤዝ ማለት ለማያውቅ ሰው፣ ሲኖር ማንም ልብ የማይለው፣ ሲጠፋ ግን ሁሉም "ምን ጎደለ?" የሚለው ድምፅ ነው። ለኔ ጠባይ የተሠራ መሣሪያ ነው።

ቀን ቀን ዩኒቨርሲቲው በር አጠገብ ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ። የሰው መመረቂያ ጽሑፍ ሳባዛ እውልና እናቴ ትታልኝ ወደሄደችው ቤት እገባለሁ። አባቴን አላስታውሰውም፤ ወንድም እህት የለኝም። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ ይባላል፤ እኔ አመዱም አልነበረኝም። እናቴን ቀብሬ፣ ድንኳኑ ተነቅሎ፣ ወንበሩ ለእድሩ ሲመለስ ግቢው መሀል ቆሜ አንድ ነገር ታየኝ። ለእሷ እኔ አለቀስኩላት፤ በተራዬ ለኔ የሚያለቅስ ማንም የለም። ይህን የምጽፈው እንዲታዘንልኝ አይደለም። ግን ሰው እንዲህ ያለ ሐሳብ አንድ ጊዜ ከገባበት፣ ሻይ ሲጠጣም አብሮት ይቀመጣል።

ድምፃዊያችን "ዘፈን ብቻውን ራቁቱን ነው" ይል ነበር። ስለዚህ ሁሉ ነገር ልብስ ነበረው። የቡና ኬሻ ቀደን ካባ እንለብሳለን፤ ከደረቀ የእንሰት ቅጠል ጎፈር ሠርተን ራሳችን ላይ እናስራለን፤ ፊታችንን አመድ እንቀባለን። ትርኢቱም ታሪክ ነበረው። አንድ ልጅ የሞያሌን መንገድ ይዞ ይወርዳል። ይህን ለዲላ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ ከተማችንን መሀል ለመሀል የሚያልፈው አስፋልት ሞያሌ ይደርሳል፣ ከሞያሌ ኬንያ፣ ከኬንያ ታች ታች እያለ እስከ ደቡብ አፍሪካ። በዚያ የሄደ ብዙ ነው፤ የደወለ ጥቂት ነው። በትርኢታችን ያ ልጅ ሞቶ ይመጣል። መርዶ ነጋሪ መጥቶ ይናገራል፤ ልጁ በቃሬዛ ላይ ሆኖ ሕዝቡን እያቋረጠ መድረኩ ላይ ይወጣል፤ እናቱ ታለቅስለታለች፤ በመጨረሻ ከሞት ይነሣና ትልቁ ዘፈን ይጀምራል።

ሟቹ እኔ ነበርኩ።

"ስትጫወትም እኮ አትንቀሳቀስም" አለኝ ድምፃዊው ሲመርጠኝ፤ "ልዩነቱን ማንም አያውቀውም።"

ቅር ያለኝ መሰልኩ እንጂ አላለኝም። በሕይወቴ መሀል ላይ ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነበር። ለዘፈኑም ይመቻል፤ እኔ ስጋደም ቤዙ ይጠፋና ዘፈኑ አንድ እግሩን ያጣል፣ ስነሣ ቤዙ ይገባል። ያኔ የአይሱዙው ሳንቃ ራሱ ይንቀጠቀጣል። ሕዝቡ ምን እንደተመለሰለት ሳያውቅ ይጮሃል።

ችግሩ ለቅሶው ላይ ነበር። ይርጋጨፌ ላይ መጀመሪያ ስንሠራው ድምፃዊው ራሱ ነጠላ አሸርጦ እናት ሆነ። ደረቱን እየደቃ "ወየው ልጄን" ሲል ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። አንዱ ሰውዬ እንደ ፍየል ነው የሚስቀው፤ እሱን ስሰማ እኔም በተከናነብኩት ጋቢ ስር ሳቄ አመለጠኝ። ጋቢው ሲንቀጠቀጥ "ሬሳው ሳቀ!" ብለው ልጆች ጮኹ። በመልስ ጉዟችን ዲላ ልንደርስ ስንል ድምፃዊው "ያለ እውነተኛ ሙሾ አውራጅ አይሆንም" አለ።

በከተማችን ሙሾ አውራጅ ሲባል ሁሉም የሚያስበው አንዲት ሴትን ነው። በልጅነታቸው ከሰሜን መጥተው ዲላ ያረጁ፣ ገበያ ውስጥ ቅመም የሚሸጡ እናት ናቸው። ለቅሶ ቤት ሲጠሩ መጀመሪያ ስለ ሟቹ ይጠይቃሉ፤ ምን ይወድ ነበር፣ እንዴት ይራመድ ነበር፣ ምን አባባል ነበረው። ከዚያ ተነሥተው ያንኑ በግጥም ሲያወርዱት ድንጋይ የሆነ ሰው እንኳ ይፈታል። እኛ እማማ ነበር የምንላቸው። ከድምፃዊው ጋር ገበያ ሄደን ስናገኛቸው ኮረሪማ እየፈለፈሉ ነበር።

"የማን ለቅሶ ነው?" አሉ ቀና ሳይሉ።

"የዚህ ልጅ" አለ ድምፃዊው ወደ እኔ እየጠቆመ።

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። "ምን ሆነና?"

"ምንም አልሆነም እማማ፤ ቲያትር ነው።"

"በቁሙ ላለ ሰው አላለቅስም። ሟርት ነው።" ወደ ኮረሪማቸው ተመለሱ።

ድምፃዊው ተስፋ የሚቆርጥ ልጅ አይደለም። ቁጢጥ ብሎ የትርኢቱን ታሪክ ይነግራቸው ጀመር፤ ልጁ የሞያሌን መንገድ ይዞ እንደሚወርድ፣ እናቱ ደጅ ደጁን እንደምታይ። የእማማ እጅ ቆመ። ጥፍራቸው ውስጥ የገባውን የኮረሪማ ቅርፊት ማውጣት ጀመሩ።

"በቲያትራችሁ መርዶው ይነገራል?" አሉ።

"ይነገራል።"

"ሬሳውስ ይመጣል?"

"ይመጣል እማማ።"

"እንግዲያው እመጣለሁ" አሉ። ከዚያ ጣታቸውን አነሡ። "የዚህን ልጅ ስም ግን እንዳትነግሩኝ። ስሙን ካወቅሁት ከአፌ ያመልጠኛል። በቁሙ ያለን ሰው በስሙ ጠርቼ አላለቅስም። የማለቅስለት የራሴ አለኝ።"

ነገሩን ኋላ ያስረዳችኝ ነርሷ ናት፤ በሥራዋ የብዙ ሰው ቤት ታውቃለች። እማማ አንድ ልጅ ብቻ ነበራቸው። በሞያሌ ሄደ፤ ዓመታት አለፉ፤ ድምፁም ሬሳውም አልመጣም። መርዶ ስላልተነገረ ድንኳን አይተከልም፣ እድር አይሰበሰብም፣ ማንም "እግዜር ያጽናዎ" ሊላቸው አይመጣም። ሳይረዱ ቢያለቅሱ ደግሞ በልጃቸው ላይ ሞት እንደጠሩ ይቆጠራል። ስለዚህ የከተማውን ሟች ሁሉ ሲያለቅሱ ኖረው የራሳቸውን ልጅ ማልቀስ አልቻሉም። የኛ ቲያትር መርዶ ነጋሪ ነበረው። ለእሳቸው ያ በቃ። "ቲያትር መሆኑን እግዜርም ያውቃል" ብለዋት ነበር ነርሷን።

ፍስሐ ገነት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ አብረውን ሠሩ። ከአንድ ቡና ማጠቢያ ግቢ ነበርን፤ የልጣጩ ኮምጣጣ ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል። እኔ ቃሬዛው ላይ ጋቢ ተከናንቤ ተጋድሜአለሁ። ጊታሩ ዝግ ብሎ ይሄዳል፤ ድራሙ ቆሟል። እማማ ጥቁር ለብሰው ከጋቢናው ወርደው በሕዝቡ መሀል መጡ፤ ነጠላቸው መሬት ይጠርጋል። አጠገቤ ቆመው ትንሽ ተነፈሱ፤ ከዚያ ጀመሩ።

*ጎንበስ ብለህ ገቢ፣ በር የማይችልህ፣*
*በማን አገር ይሆን አፈሩ የቻለህ።*

ድምፃቸው ትልቅ አይደለም። ግን ማይክራፎኑን እንደ ጎረቤት ነው የሚያናግሩት። ቀጠሉ።

*ሸሚዝህን አጥቤ ፀሐይ ላይ አስጥቼ፣*
*ይመሻል አስገባለሁ ደጅ ደጁን አይቼ።*

መጀመሪያ አንዲት ለቃሚ አለቀሰች፤ ከዚያ ሌላዋ። ለቅሶ ቤት ሰው የየራሱን ነው የሚያለቅሰው፤ ያን ቀን ፍስሐ ገነት ላይ ስንቱ የየራሱን እንዳለቀሰ እንጃ። ጋቢው ስር ሆኜ እኔም ፊቴ ራሰ። ሬሳ ማልቀሱን ማንም አላየም።

መሀል ላይ አንድ ሽማግሌ አይሱዙው ላይ ወጡ። ማንም ሊከለክላቸው አልደፈረም። ጌዴኦኛ ተናጋሪ ናቸው፤ አማርኛቸው ላይ ወንድና ሴት ይቀላቀልባቸዋል፣ በኛ አካባቢ ደግሞ በዚህ ማንም አይስቅም። "ይቺ ልጅ እግሩ አልታሰረችም" አሉ በሐዘን። "እንዲህ አይሸኝም።" ከኪሳቸው ክር አውጥተው ሁለቱን የእግሬን አውራ ጣቶች አጥብቀው ገነዙልኝ፤ ጋቢውን አስተካክለው፣ ጉልበቴን መታ መታ አድርገው ወረዱ። የመነሻዬ ሰዓት ሲደርስ ዘልዬ ተነሣሁና በአፍጢሜ ተደፋሁ። የሳቀ አልነበረም። ሕዝቡ ከሞት የሚነሣ ሰው እንዲህ መውደቁ አይቀርም ብሎ ነው መሰለኝ ተቀበለው፤ እኔም እንደታሰርኩ እየዘለልኩ ቤዜን አነሣሁ። ከዚያ በኋላ በየትርኢቱ ጣቴን አስሬ እንድወድቅ ድምፃዊው አዘዘኝ።

አንድ ነገር ግን ገና ያን ቀን ልቤ ገብቷል። እኔ አጭር ነኝ። በየትኛውም በር ቀጥ ብዬ ነው የምገባው፤ አንገቴን ያጎነበስኩበት በር አላስታውስም። የእማማ ሙሾ የረጅም ሰው ሙሾ ነበር። እዚያ የተጋደምኩት እኔ ስሆን የሚለቀሰው ሌላ ነው። ሲመጡ አውቀነው የተስማማንበት ጉዳይ ነው፤ ሆኖም ቅናት ቅናት አለኝ። በሰው ለቅሶ የሚቀና ሰው እኔን ብቻ ነው የማውቀው።

ያ የቡና ወቅት እንዲህ አለፈ። ዛሬ ይርጋጨፌ፣ በሌላ ሳምንት ፍስሐ ገነት፣ እሑድ እሑድ ዲላ። የኛ ነገር በስልክ ተቀርጾ ከሰው ሰው ሲሄድ ከሩቅ የሚመጣ ተመልካች ተገኘ። የኬሻ ካባ የሚለብሱ ተማሪዎች ታዩ። ጊታሪስቱ "ፋዘር፣ ስታር ሆነናል" ይለኝ ነበር። ምናልባት እነሱ ሆነው ይሆናል። እኔ ከአመዱና ከጋቢው ስር ማን እንደሆንኩ የሚያውቅ ስላልነበረ ማግስቱን ፎቶ ኮፒ ቤት ስሠራ ተማሪዎቹ ስለ ባንዱ ፊቴ ያወሩ ነበር። "ያ የሚሞተው ልጅ ግን ምስኪን" አለች አንዷ ወረቀቷን ስትቀበለኝ።

በዚያ ሁሉ ጊዜ ከእማማ ጋር አልተነጋገርንም። እሳቸው ጋቢና ይቀመጣሉ፤ እኔ ኋላ ከቃሬዛውና ከድራሙ ጋር እጫናለሁ። ምሳ ስንበላ ከሩቅ ካዩኝ ፊታቸውን ያዞራሉ። አንድ ቀን ሰላም ልላቸው ስጠጋ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሳብ አድርገው፣ በቁጣ ሳይሆን በልመና፣ "ልጄ፣ አንተን በቁምህ ካየሁህ ለቅሶው ይጠፋብኛል" አሉኝ። ስለዚህ ተደበቅሁ። ሰው አይቶኝ እንዳያየኝ መሸሽ ለኔ አዲስ ሙያ አይደለም፤ ግን ይህኛው ከበደኝ። ያን ያህል ተለቅሶልኝ፣ ያን ያህል እንግዳ ሆኜ።

ስለዚህ ቀስ በቀስ አንድ ምኞት ያዘኝ። ከዚያ ሁሉ ሙሾ መሀል አንዲት ስንኝ እንኳ የኔ እንድትሆን ፈለግሁ። የልጃቸውን አልነካባቸውም፤ ረጅሙም፣ ሸሚዙም የሱ ይሁን። እኔ አንዲት መስመር ይበቃኛል። ሰውን የሚያስተውሉ ሴት ናቸው፤ እስቲ ያስተውሉኝ ብዬ እናቴ የሠራችልኝን ቢጫ ሹራብ ለብሼ ተጋደምኩ። ጋቢው ስር ጉሮሮዬን ጠረግሁ። እጄን ከጋቢው አውጥቼ ተውኩ፤ ቤዝ የሚጫወት ሰው ጣቱ ጫፍ ላይ ቆዳው ይጠነክራል፣ ለሙሾ የሚሆን ነገር ነው። እማማ እጄን በጥንቃቄ ወደ ጋቢው መልሰው ስለ ረጅሙ ልጃቸው ቀጠሉ።

ወቅቱ ሊያልቅ ሲል ከሀዋሳ ጥሪ መጣልን። ትልቅ አዳራሽ፣ እውነተኛ መብራት፣ እውነተኛ መድረክ። ድምፃዊው ስልኩን ይዞ መንገድ ለመንገድ ሮጠ። ከዚያ በፊት አንድ ትርኢት ብቻ ቀርቶን ነበር፤ ወርቃ፣ የራሱ አገር፣ አባቱ ሊያዩት።

ወደ ወርቃ ስንሄድ ይርጋጨፌ ለምሳ ቆምን። እነሱ ሆቴል ገቡ፤ እኔ እንደ ልማዴ አይሱዙው ላይ ቃሬዛውን ተደግፌ ዳቦ በሙዝ እበላለሁ። እማማ ከሆቴሉ ወጥተው መኪናው ኋላ መጡ፤ ስልካቸው ይጮሃል። ከላይ መኖሬን አላወቁም።

"ሃሎ? ማነው?" አሉ። ስልኩን ጆሯቸው ላይ አጣበቁት። ከዚያ "ማነህ?" አሉ እንደገና፤ ድምፃቸው ተለውጧል።

ዳቦው አፌ ውስጥ ቆመ።

"ድምፅህ ወፍሯል" አሉ። "ድምፅህ ወፍሮብኝ ነው እኮ ማነህ ያልኩህ፣ ልጄ።"

መኪናውን ተደገፉ። የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ከተቱ። እኚያ ለቅሷቸው ከሰፈር ሰፈር የሚሰማ ሴት ያለ ድምፅ አለቀሱ፤ ትከሻቸው ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው። "የት አገር ነው እስር ቤቱ?" አሉ ቆይተው። "መቼ ይፈቱሃል?" ከዚያ ብዙ ሰሙ። "ይሁን፤ ይሁን። ብቻ ኑርልኝ።" እኔ ትንፋሼን ይዤ ነበር፤ ሬሳ መሆን ለምጃለሁ። ስልኩን ዘግተው ፊታቸውን ጠረጉ፤ ጋቢና ገብተው ተቀመጡ። ሌሎቹ ሲመለሱ ለማንም ምንም አልተናገሩም።

ከይርጋጨፌ እስከ ወርቃ ባለው ኮረኮንች ላይ እየተንገጫገጭኩ አሰብኩ። ደስ ብሎኝ ነበር ብል እዋሻለሁ፤ ደስታው ኋላ ነው የመጣው። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ፣ ልጃቸው በሕይወት ካለ የሚያለቅሱለት የላቸውም፣ እንግዲህ ተራው የኔ ነው የሚል ነበር። ቢጫው ሹራብ፣ የጣቴ ቆዳ፣ ከአይሱዙ ላይ ዳቦ በሙዝ የሚበላው ልጅ። ልቤ እንደ ሙሽራ ይመታ ነበር።

ወርቃ ስንደርስ ቡናው አልቆ የማድረቂያው አልጋዎች ባዶ ነበሩ። ልጆች ከስራቸው ተሽሎክሉከው ከፊት ተቀምጠዋል። የድምፃዊው አባት ወንበር ተሰጥቷቸው፣ ኮታቸውን ለብሰው፣ ልጃቸው በኬሻና በእንሰት ቅጠል ሲዘል ምን እንደሚሉ ጨንቋቸው ያያሉ። በትርኢቱ ልጁ ሄደ። መርዶው ተነገረ። እኔን ተሸክመው አመጡኝ፤ ሳንቃው ላይ አስቀመጡኝ። ጊታሩ ዝግ አለ።

ጠበቅሁ። የእማማ እግር አጠገቤ ሲቆም ሰማሁ፤ ሲተነፍሱም ሰማሁ። ግጥሙ ግን አልመጣም። ጊታሪስቱ ያቺኑ ዜማ ደገማት፣ ደገማት። አንድ ሕፃን አሳለው።

ከዚያ ጋቢው ከፊቴ ላይ ተነሣ። ከዚያ በፊት ገልጠውኝ አያውቁም። ፀሐዩ ዓይኔ ውስጥ ገባ፤ ሲለምድልኝ የእማማ ፊት ከላዬ ነው። አመዱን፣ ክሩን፣ ሹራቡን አዩ። የሚያዩት እኔን ነበር።

"ስምህ ማነው?" አሉኝ።

በቀስታ ነው ያሉት፤ ማይክራፎኑ ግን ወሰደው። ድምፃዊው ከኋላቸው ሆኖ በእጁ "አትናገር፣ ሞተሃል" ይለኛል። ተናገርኩ። ስሜ በድምፅ ማጉያው ወጥቶ ባዶው የቡና አልጋ ላይ ሲሄድ ሰማሁት፤ ከእናቴ ሞት ወዲህ ጮክ ተብሎ ሲነገር ሰምቼው አላውቅም።

እማማ በስሜ ጠሩኝ። "ተነሥ" አሉ። "ለአንተ አላለቅስም። በቁምህ እያለህ በምን አፌ? ተነሥ ልጄ፣ ብርድ ያገኝሃል።"

ከጣቶቼ ላይ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱልኝ። እጄን ይዘው አስነሡኝ፤ እጃቸው ኮረሪማ ይሸታል። መነሻዬ ገና ነበር፤ ቤዜም ሩቅ ነበር። ነርሷ ቀድማ ገባትና ድራሙን መታች፤ ጊታሩ ተከተላት። ትልቁ ዘፈን ያለ ቤዝ ተጀመረ። እኔ ጋቢዬን እንደለበስኩ፣ አመዴ በእንባ ተቦክቶ፣ አንድ እጄን እማማ ይዘውት ዝም ብዬ ቆሜ ነበር። ሕዝቡ እንደዚያ ሲጮህ ሰምተን አናውቅም። የድምፃዊው አባት ከወንበራቸው ተነሥተው ባርኔጣቸውን አውልቀዋል።

"እማማ፣ ይኸው ነው!" አለ ድምፃዊው ስንወርድ። "እናት በስሙ ትጠራዋለች፣ እሱ ይነሣል! ሀዋሳ ላይም ልክ እንዲህ።"

"ይህ አይደገምም" አሉ እማማ። ጋቢና ገቡ፤ ዲላ ሲደርሱ አስፋልቱ ዳር ወረዱና በዚያው ቀሩ።

ሀዋሳ ላይ ተዋናይት ተቀጠረች። ጎበዝ ነበረች፤ እንባዋ በፈለገችው ሰዓት ይወርዳል። ድርሰቱ ላይ ባለው ስም ጠርታ "ተነሥ!" አለችኝ፤ እኔም በሰዓቴ ተነሣሁ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ከዚያ በኋላ እነሱ ሀዋሳ ቀሩ፤ ሥራው እዚያ ነውና አልፈርድባቸውም። እኔ ፎቶ ኮፒ ቤቴን ብዬ ተመለስኩ። እውነቱ ግን ለማላውቀው ሰው መጋደም አስጠላኝ። በኔ ቦታ እየዘለለ የሚጫወት ቤዚስት አግኝተዋል፤ በስልክ አይቼዋለሁ፣ ረጅም ነው። ለሱ የእማማ ሙሾ ልኩ ነበር።

ያን ክረምት ቤቴ ከወትሮው ሰፋብኝ። ቤዙን ማጉያ ሳልሰካለት እጫወተዋለሁ፤ ሳይሰካ ሲጫወት ለተጫዋቹ ብቻ ነው የሚሰማው። በስሜ የሚጠራኝ የፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት ብቻ ሆነ፤ እሱም ወረቀት ሲያልቅ።

እማማን ሰላም ልበል ብዬ ገበያ ብሄድ ቦታቸው ባዶ ነው። ከአጠገባቸው የምትሸጠዋን ጠየቅሁ። "እቤት ዋሉ፤ ደኅና ናቸው" አለችኝና መንገዱን አሳየችኝ። ቤታቸውን አላውቀውም ነበር፤ አይሱዙው ሁልጊዜ የሚጠብቃቸው አስፋልቱ ላይ ነበር። በኮብልስቶኑ ወረድኩ። ግቢው ከመንገዱ በታች ነው፤ ሽቦው ላይ አንድ ሸሚዝ ብቻ ተሰጥቷል። በሩ ላይ ቆሜ "እማማ" አልኩ።

ከውስጥ በስሜ ጠሩኝ። ድምፄን አውቀውታል። "ግባ" አሉ።

እንደ ልማዴ ቀጥ ብዬ ገባሁና ጉበኑ ግንባሬን መታኝ። ዓይኔ ጨለመ።

"ጎንበስ በል እንጂ!" አሉ እየተነሡ። "ግቢው በደለል እየተሞላ በሩ ቁመት የለውም። ይህ ጉበን የማይመታው ሰው የለም፤ ልጄም ሁልጊዜ ይመታው ነበር።"

ግንባሬን ይዤ ቆምኩ። ሳቅ ሊመጣብኝ ነበር፤ ሳይመጣ እንባዬ ቀደመው። እማማ የመታኝ አሞኝ መስሏቸው ቅቤ አሹልኝ።

ልጃቸው አልተፈታም ነበር። ከይርጋጨፌው በኋላ አልደወለም። ገበያውን የተዉት ለዚሁ ነው፤ በዚያ ጫጫታ መሀል ስልኩ ቢጮህ አይሰማኝም ብለው ፈርተው። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ፣ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ተቀምጧል። በኔና በእሳቸው መሀል። ስለ ሀዋሳ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ልጃቸው ሲመጣ ይህ ወንበር የሱ ነው፤ ይህን እያወቅሁ ነው የተቀመጥኩበት። ዓይናችን ግን አሁንም አሁንም ወደ ስልኩ ይሄድ ነበር፤ የኔም ጭምር።

ውጭው ደብዘዝ ሲል እማማ ወደ በሩ አዩ። "ሊመሽ ነው፤ ጉልበቴን ይዞኛል" አሉና በስሜ ጠሩኝ። "እስቲ ያቺን ሸሚዝ አስገባልኝ።"

ጎንበስ ብዬ ወጣሁ። ሸሚዙ ደርቋል፤ ከመታጠብ ብዛት ኮሌታው ሳስቷል። ከሽቦው ሳወርደው እጅጌው ክንዴ ላይ አረፈ፤ ከኔ ክንድ አይረዝምም። መንገዱን ወደ ላይ አየሁ፤ ማንም አይመጣም ነበር። ሸሚዙን አጥፌ፣ ጎንበስ ብዬ ገባሁ።